የኢሚውኖቴራፒ ጥምረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተዛመተ ካንሰር ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ወደ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ከመግባታቸው በፊትና ከገቡ በኋላ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጠጣር ዕጢ የሚባሉት የትኞቹ ካንሰሮች ናቸው?

በአንድ የአካል ክፍል ላይ እብጠት ሠርተው የሚያድጉት ናቸው፤ የሳንባ፣ የጡት፣ የጉበት፣ የአንጀት፣ የኩላሊት፣ የማሕፀን፣ እንዲሁም ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንደ ሉኪሚያ ያሉ የደምና የመቅኔ ካንሰሮች ከዚህ ውጭ ናቸው። "የተዛመተ" ወይም "ደረጃው ከፍ ያለ" የሚባለው ደግሞ በሽታው ከተነሳበት ቦታ አልፎ ሌላ አካል ላይ ሲደርስ፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ጠርጎ ማውጣት የማይቻል ሲሆን ነው።

ኢሚውኖቴራፒ ከኬሞቴራፒ በምን ይለያል?

ኬሞ የሚባዙ ሴሎችን በቀጥታ ይገድላል። አብዛኛው ኢሚውኖቴራፒ ግን ካንሰሩን ራሱ አይነካውም፤ የሚሠራው ቲ ሴል በተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው። ቲ ሴሎች ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚይዛቸው ልጓም አላቸው። ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ልጓም በዋናነት በንፍፊት ውስጥ፣ ቲ ሴሉ ገና ለውጊያ ሲነሳ ይገታዋል። ፒዲ-1 የተባለው ደግሞ በአብዛኛው ዕጢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ይገታዋል፤ ብዙ ካንሰሮች ይህንን ሁለተኛውን ልጓም ለራሳቸው መከላከያ ይጠቀሙበታል።

ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶች በአሜሪካ መጽደቅ የጀመሩት በ2011 በኢፒሊሙማብ (ሲቲኤልኤ-4) ሲሆን፣ በ2014 ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ (ፒዲ-1) ተከተሉ። የሁለቱን ልጓሞች ሚና ያጠኑት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ልጓሙ ሲፈታ ቲ ሴሉ ካንሰሩን ብቻ መርጦ እንደሚመታ ዋስትና የለም። ከዚህ በታች ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የሚነገረው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

አንድ መድኃኒት እያለ ለምን ሁለት ይጣመራሉ?

በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ብቻውን የሚሠራላቸው ታካሚዎች ጥቂቶች ስለሆኑ ነው። አንዳንዱ ዕጢ ውስጥ ቲ ሴል ጭራሽ አይገባም፤ ሌላው ውስጥ ገብቶ ይደክማል፤ በሌላው ደግሞ አንዱ ልጓም ሲፈታ ሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ የፒዲ-1 መድኃኒት እንደ መሠረት ተይዞ ሌላ ይታከልበታል፦ ሁለተኛ ልጓም የሚፈታ፣ ለዕጢው ደም የሚያደርሱ ሥሮችን የሚያግድ፣ ኬሞ፣ ጨረር፣ የካንሰር ክትባት፣ ወይም ቲ ሴልንና የካንሰር ሴልን አንድ ላይ አጣብቆ የሚይዝ ባለ ሁለት እጅ ፀረ እንግዳ አካል።

ትርፉም ኪሳራውም በአንድነት የታየው ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ በሜላኖማ ላይ ሲጣመሩ ነው። በ2013 በታተመው የመጀመሪያ ምዕራፍ ውጤት ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት 53 ሰዎች በከባድና በጣም ከባድ ደረጃ (3 እና 4) ከመድኃኒቱ የመጣ ጉዳት የደረሰባቸው 53 በመቶ ነበሩ። ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰው ደግሞ 40 በመቶ ያህል ናቸው። 945 ሰዎች በተሳተፉበት የኋለኛው ትልቅ ሙከራ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከጥምረቱ 43፣ ከኒቮሉማብ ብቻ 37፣ ከኢፒሊሙማብ ብቻ 19 በመቶ ናቸው። 43ን ከ37 ጋር አስተያዩት። ጥምረት ሁልጊዜ እጥፍ ጥቅም የሚያመጣ የሚመስለው ሰው ይህችን ልዩነት ከጉዳቱ መጠን ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ መልካም ነው።

ምዕራፍ 1 ሙከራ ምን ለማወቅ ነው የሚደረገው?

ዋናው ጥያቄ "ያድናል ወይ?" አይደለም። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ ሰው የሚችለው መጠን ስንት ነው? ምን ጉዳት ያመጣሉ? መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ዒላማውንስ ያገኘዋል? የዕጢው መቀነስ በጥንቃቄ ይመዘገባል፤ ሙከራው የተዋቀረው ግን እሱን ለማረጋገጥ አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ ከዚያ የተመረጠው መጠን በተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች፣ በእያንዳንዱ ምናልባት ከ20 እስከ 40 ሰው፣ ይሞከራል። የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገቡ መጠየቅ ይገባዎታል፤ በመጀመሪያው ክፍል ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚገባ ሰው ከሚሠራው መጠን በታች ሊወስድ ይችላል።

መጠኑ ከፍ የሚለው በምን ስሌት ነው?

የቆየው ዘዴ "3 ሲደመር 3" ይባላል። ሦስት ሰዎች አንድ መጠን ይወስዳሉ፤ ከመካከላቸው መጠንን የሚገድብ ጉዳት (ከዚያ በላይ መስጠትን የሚከለክል ከባድ ጉዳት) የደረሰበት ከሌለ ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ወዳለው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ከተጎዳ በዚያው መጠን ሌሎች ሦስት ይጨመራሉ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተጎዱ መጠኑ አልፎ ሄዷል ማለት ነው፤ ወደ ታች ይመለሳሉ። ዛሬ ብዙ ሙከራዎች የእያንዳንዱን ታካሚ ውጤት እየደመሩ ቀጣዩን መጠን የሚወስኑ የስታቲስቲክስ ቀመሮችን ይጠቀማሉ። በጥምረት ጊዜ ግን አንድ ደንብ ብዙም አይለወጥም፦ የታወቀው መድኃኒት በጸደቀበት መጠን ይቀመጥና አዲሱ ብቻ ከፍ ይላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ከፍ ካሉ ጉዳቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራልና። ለምሳሌ ለዕጢው ደም የሚያደርሱ ሥሮችን የሚያግደው ሌንቫቲኒብ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሲሞከር በቀን 24 ሚሊግራም ከወሰዱት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ገዳቢ ጉዳት ስለደረሰባቸው፣ አንዱ በብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ሌላው በብርቱ ድካም፣ መጠኑ ወደ 20 ወረደ።

በእያንዳንዱ አዲስ መጠን የመጀመሪያው ሰው ከወሰደ በኋላ ሁለተኛው ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ጥንቃቄ በብርቱ የጠበቀው በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጥቶ ስድስቱም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙ ወዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኬሞ ላይ "የሚቻለውን ያህል ብዙ" የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። ኒቮሉማብ በኪሎ ከ0.1 እስከ 10 ሚሊግራም ተሞክሮ ከፍተኛው የሚቻል መጠን አልተገኘም፤ ልጓሙ አንዴ ከተሸፈነ ተጨማሪው መድኃኒት ሥራ የለውም። ስለዚህ ከፍተኛ መጠን የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው ብሎ መገመት ስህተት ነው።

መግባት የሚችለው ማን ነው? የሚከለከለውስ ለምንድን ነው?

መስፈርቱ ከሙከራ ሙከራ ይለያያል፤ የተለመደው ግን ይህን ይመስላል፦ መደበኛ ሕክምና ተሞክሮ ያልሠራለት ወይም መደበኛ ሕክምና የሌለው፤ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ፣ በኢኮግ (የዕለት ተዕለት ብቃት መለኪያ፣ 0 ሙሉ ጤነኛ) 0 ወይም 1 የሆነ፤ በሲቲ ስካን ሊለካ የሚችል ቢያንስ አንድ 10 ሚሊሜትር የሆነ እብጠት (ንፍፊት ከሆነ በአጭሩ ጎን 15) ያለው። በደም ምርመራ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) 1,500 አካባቢና ከዚያ በላይ፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው) 100,000፣ ሄሞግሎቢን 9፣ ቢሊሩቢን (የጉበትን ሥራ የሚያሳይ) ከመደበኛው ጣሪያ ከ1.5 እጥፍ ያልበለጠ ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በእነዚህ ነው፦ እንደ ሉፐስ ያለ ንቁ የራስን አካል የማጥቃት በሽታ፣ የተተከለ አካል፣ በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ ስቴሮይድ) መውሰድ፣ ያልታከመ የአንጎል ሥርጭት፣ ቀድሞ ስቴሮይድ ያስፈለገው የሳንባ ብግነት፣ በ30 ቀን ውስጥ የተወሰደ ሕያው ክትባት። በሆርሞን ምትክ የተስተካከለ የታይሮይድ ጉድለት፣ ለምጽ ወይም ዓይነት 1 ስኳር አብዛኛውን ጊዜ አያስከለክልም። ከቀደመው ሕክምና በኋላም የዕረፍት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ወይም የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ (በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) አምስት እጥፍ፣ አጭሩ ተወስዶ። የሚያሳዝነው በዚህ ጥበቃ ላይ እያሉ በሽታው ፈጥኖ የሚሄድባቸው ሰዎች አሉ። ስለ ሙከራ ማሰብ ያለብዎት የመጨረሻው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የስምምነት ቅጹን ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ከእኔ በፊት በዚህ መጠን ስንት ሰው ወስዷል? ምን ደረሰባቸው? ስንት ባዮፕሲ (ከዕጢው ናሙና መውሰድ) ግዴታ ነው? ጉዳት ቢደርስብኝ የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ሌሊት የምደውልበት ስልክ የማነው? ከዚህ ሙከራ ብወጣ ሌላ ሕክምና ይቀርብኛል? ሐኪሙ "እስካሁን ማንም አልወሰደውም" ካለዎት እሱም ተገቢ መልስ ነው፤ የሚያሳስበው መልስ አለማግኘት ነው።

በማንኛውም ሰዓት ያለ ምክንያት መውጣት መብትዎ ነው። ቅጹን ቤት ወስደው አንድ ሁለት ቀን ቢያነቡት ማንም ሊከፋ አይገባም።

ከገባሁ በኋላ ሳምንቶቼ ምን ይመስላሉ?

መጀመሪያ እስከ 28 ቀን የሚወስድ ማጣሪያ አለ፦ ደም፣ ሽንት፣ ኢሲጂ፣ ሲቲ ስካን፣ የታይሮይድና የኮርቲሶል ልክ፣ ብዙ ጊዜም ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር)። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች በኋላ ወርቅ ናቸው፤ ትሮፖኒን በስድስተኛው ሳምንት ከፍ ብሎ ሲገኝ ቀድሞ ስንት እንደነበር ካልታወቀ ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚዳብሰው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በደም ሥር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዙር ግን በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በተከታታይ ቀናት መመላለስ አለ። ባለ ሁለት እጅ መድኃኒቶች ላይ መኝታም ሊኖር ይችላል፤ ታርላታማብ ለምሳሌ በ1 ሚሊግራም ተጀምሮ በ8ኛው ቀን ወደ 10 የሚወጣው ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ የሚያስከትለውን የሳይቶካይን ማዕበል ለማለዘብ ነው።

ለመድኃኒት ልኬት የሚወሰደው ደም መድኃኒቱ ከገባበት ክንድ መቀዳት የለበትም፤ ከተቀዳ ቁጥሩ በሐሰት ሰማይ ይነካል። ሰዓቱም በፕሮቶኮሉ (በሙከራው ዕቅድ) እንደተጻፈው ሳይሆን በእርግጥ የተቀዳበት መመዝገብ አለበት። ባዮፕሲው ከሕክምናው በፊትና ከ3 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ይወሰዳል፤ በመርፌ የወጣው ቁራጭ የሞተ ሥጋ ብቻ ከሆነ ወይም ፎርማሊን (ናሙና የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ሳይገባ ከቆየ ሁለተኛ መወጋት ሊመጣ ነው።

ምን ምልክት ሳይ ልደውል?

ተቅማጥ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳ። ከወትሮው በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ከጨመረ ደረጃ 2፣ 7ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ 3 ነው፤ ደም ወይም ንፍጥ ካለበት ቁጥሩን ሳይጠብቁ ይደውሉ። ብዙዎች "ምግብ ነው የበላሁት" ብለው ተቅማጥ ማስቆሚያ እየወሰዱ ሦስት አራት ቀን ያሳልፋሉ፤ የሚያደርሰው አደጋም አንጀት እስከ መበሳት ነው። አዲስ ሳል ወይም ደረጃ ሲወጡ ያልነበረ ትንፋሽ ማጠር የሳንባ ብግነት ሊሆን ይችላል። የዓይን ቢጫ መሆንና የሽንት መጥቆር ጉበትን፣ ከባድ ራስ ምታት ከማዞርና ከማይለቅ ድካም ጋር ፒቱታሪ ወይም አድሬናል የተባሉትን ሆርሞን አመንጪ ክፍሎች፣ ብዙ ውኃ መጠማትና መሽናት ድንገተኛ ስኳርን ያመለክታሉ።

የልብ ጡንቻ ብግነት ብርቅ ነው፤ በጥምረት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ገዳይነቱ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የደረት ሕመም፣ የልብ መዛባት፣ የዓይን ሽፋን መውደቅ ወይም የጡንቻ መድከም ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሚቀበልዎት ሐኪምም "ኬሞ ላይ ነኝ" አይበሉ፤ "ኢሚውኖቴራፒ ላይ ነኝ" ይበሉ። ልዩነቱ ሕይወት ያድናል፤ የመጀመሪያው ሐኪሙ ኢንፌክሽን እንዲፈልግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ስቴሮይድ እንዲያስብ ያደርገዋልና።

ስቴሮይድ የኢሚውኖቴራፒውን ሥራ አያጠፋውም?

ሕክምና ሲጀመር ያለ በቂ ምክንያት ስቴሮይድ ላይ መሆን አይመከርም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ግን ስቴሮይድን መፍራት ከጉዳቱ ይልቅ ይገድላል። ለደረጃ 2 መድኃኒቱ ይቆምና ፕሬድኒሶሎን በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም፣ ለደረጃ 3 እና 4 ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ለልብ ብግነት ሜቲልፕሬድኒሶሎን በቀን እስከ 1 ግራም ይሰጣል። ጉዳቱ የደረሰው እንደ ታይሮይድ ባሉ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች (ካንሰር ሳይሆኑ ጤነኛ የሰውነት ክፍሎች) ላይ ከሆነ መፍትሔው ብዙ ጊዜ የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው፤ እዚያም ላይ ኮርቲሶልና ታይሮይድ ሁለቱም ከጎደሉ ኮርቲሶሉ ይቀድማል፣ አለዚያ ታካሚው ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መውረጃው ላይ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑም አብሮ ይቆማል፤ በሁለተኛው ሳምንት በእጥፍ ይመለሳል። መጠኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጊዜ ቀስ በቀስ ይወርዳል እንጂ አይቆረጥም። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለአራት ሳምንት የሚወስድ ሰው የሳንባ ምች መከላከያ፣ ብዙውን ጊዜ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሊሰጠው ይገባል። የአንጀት ብግነት በ3 እስከ 5 ቀን ስቴሮይድ ካልበረደ ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ሌላ መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊግራም ይታከላል፤ ጉበት ላይ ግን ኢንፍሊክሲማብ ሳይሆን ማይኮፌኖሌት ነው የሚመረጠው።

ሲቲ ስካኑ "አድጓል" ካለ ሕክምናው ከሽፏል ማለት ነው?

በአብዛኛው አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሬሲስት (የዕጢ መጠን ለውጥ የሚመዘንበት ደንብ) የተመረጡ እብጠቶች ድምር (እስከ 5፣ በአንድ አካል እስከ 2) በ30 በመቶ ከቀነሰ ከፊል ምላሽ፣ በ20 በመቶና ቢያንስ በ5 ሚሊሜትር ከጨመረ እድገት ይባላል። ኢሚውኖቴራፒ ላይ ቲ ሴሎች ወደ ዕጢው ሲጎርፉ እብጠቱ ቀድሞ ሊያብጥ ይችላል። በ2017 ለኢሚውኖቴራፒ ተስተካክሎ የወጣው ኢሬሲስት ለዚህ ሲል የመጀመሪያውን እድገት "ያልተረጋገጠ" ብሎ ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ዳግም እንዲታይ ያዛል።

ይህ ሐሰተኛ እድገት ግን ከ10 ታካሚ አንዱን እንኳ አያገኝም። ሰውየው እየከሳ፣ ሕመሙ እየባሰ፣ ከአልጋ እየዋለ ከሆነ "ምናልባት ቲ ሴል ይሆናል" ብሎ መቆየት ውድ ጊዜ መብላት ነው።

የመሻል ዕድሌ ስንት ነው?

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከ2000 እስከ 2019 ባስተባበራቸው የምዕራፍ 1 የጠጣር ዕጢ ሙከራዎች ከ13,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈው 12 በመቶ ያህሉ ዕጢያቸው ቀንሷል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ 18 በመቶ አድጓል። ከሕክምናው የተነሳ የሞቱት 0.7 በመቶ ናቸው። ይህ አማካይ ነው፤ በካንሰሩ ዓይነትና በመድኃኒቱ በጣም ይለያያል። ቁጥሩን የምንነግርዎት ተስፋ ለማጥፋት አይደለም። በ12 በመቶ ላይ ተመሥርቶ የወሰነ ሰውና በ60 በመቶ ላይ የወሰነ ሰው ስለ ጊዜያቸው የሚያደርጉት ምርጫ አንድ ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ምንም ካልታየ መጠኑ አስተማማኝ ነው?

አይደለም። ገዳቢ ጉዳት የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ በ21 ወይም 28 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህ ልኬት ከኬሞ የተወረሰ ነው። የልጓም ፈቺዎች ጉዳት ግን በራሱ ሰዓት ይመጣል፦ ቆዳ በ2ኛውና 3ኛው ሳምንት፣ አንጀትና ጉበት ብዙ ጊዜ ከ5ኛውና ከ6ኛው በኋላ፣ የሆርሞን ዕጢዎች ከዚያም ዘግይተው። መጠኑ "ንጹሕ" ተብሎ ቀጣዩ ቡድን ከፍ ባለው ሲጀምር የቀደመው ቡድን ጉዳት ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዳቸው የታወቁ መድኃኒቶችም ሲገናኙ ያልተጠበቀ ያመጣሉ። ቬሙራፌኒብና ኢፒሊሙማብ በየግላቸው ለሜላኖማ ጸድቀው ሳለ አንድ ላይ ሲሰጡ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ታካሚዎች አራቱ የጉበት ኢንዛይማቸው በከባድ ደረጃ ስለጨመረ ሙከራው ተዘጋ። የሳንባ ካንሰር መድኃኒቱ ኦሲመርቲኒብ ልጓም ፈቺ ከሆነው ዱርቫሉማብ ጋር ሲሞከር 38 በመቶው የሳንባ ብግነት ገጠማቸው። መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ክትትሉ አይቆምም፦ የኒቮሉማብ ግማሽ ዕድሜ 25 ቀን ገደማ ስለሆነ ከወራት በኋላ የሚነሳ ጉዳት አለ፤ እርግዝናን መከላከልም እንደ መድኃኒቱ ከ4 እስከ 6 ወር ይቀጥላል።

ዕጢው የቀነሰው በጥምረቱ ይሁን በአንዱ መድኃኒት ብቻ በምን ይታወቃል?

ማነጻጸሪያ በሌለው ትንሽ ሙከራ አይታወቅም። ከ40 ሰው 20ው ሲሻላቸው ደስ ይላል፤ ግን ፒዲ-1 ፈቺው ብቻውን ስንቱን ያሻሽል ነበር? ገና ሕክምና ያልጀመሩ ሜላኖማ ታካሚዎች ከተመረጡ መልሱ "ብዙዎችን" ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ጨርሶ ሳይተጋገዙ እንኳ አንዱ ለአንዳንዱ፣ ሌላው ለሌላው ስለሚሠራ ብቻ የጥምረቱ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል።

ኤፓካዶስታት የተባለው አዲስ መድኃኒት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር በመጀመሪያው ምዕራፍ ከግማሽ በላይ ሜላኖማ ታካሚዎች ምላሽ እንደሰጡ ታየ፤ በ2018 በ706 ሰዎች ላይ ከፔምብሮሊዙማብ ብቻ ጋር ሲነጻጸር አንዳች ልዩነት አልነበረውም። ቤምፔጋልደስሉኪን ከኒቮሉማብ ጋርም እንዲሁ ግሩም ጅማሮ አሳይቶ፣ በ2022 በወጣው ትልቅ ሙከራ ከኒቮሉማብ ብቻ ያነሰ ምላሽ አመጣ። ሬላትሊማብ ግን ከኒቮሉማብ ጋር ተጣምሮ በ714 ሰዎች ላይ ከኒቮሉማብ ብቻ ጋር ተፎካክሮ በሽታው ሳይገፋ የሚቆይበትን መካከለኛ ጊዜ ከ4.6 ወደ 10.1 ወር አሳድጎ በ2022 ጸደቀ። ስለዚህ የአንድ ጥምረት የመጀመሪያ ውጤት ሲነበብ ሦስት ነገር ይፈለግ፦ ታካሚዎቹ ቀድሞ ፒዲ-1 ወስደው ያልሠራላቸው ናቸው ወይስ አዲሶች? በዕጣ የተለየ ማነጻጸሪያ ቡድን ነበር? አዲሱ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ምን አሳይቷል? ፒዲ-1 ያልሠራላቸው ሰዎች ላይ የታየ መጠነኛ መቀነስ፣ አዲሶች ላይ ከታየ ትልቅ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል።